ፀጉሯ ሲረግፍ ምን እንበላት?

የዛሬው ርእሳችን በስብከት ብዙም የማይነሳ ነው፤ ስለ ካንሰር ሕክምናና ስለ ፀጉር መርገፍ ነው። “ፀጉር ደግሞ ምን ስብከት ይወጣዋል?” የሚል ይኖራል። እኔም ድሮ እንደዚያው ነበር የማስበው። ያስተማረችኝ አንዲት እህት ናት።

ይህች እህት ከመዘምራኖቻችን አንዷ ነበረች። የጡት ካንሰር ተገኘባትና ኬሞቴራፒ ጀመረች። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች፤ ስልክም አታነሳም። ከባለቤቴ ጋር ቤቷ ሄድን። ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ አስራ ተቀምጣለች። ላጽናናት ብዬ፣ “እህቴ፣ ዋናው ጤና ነው፤ ፀጉር እንደሆነ ይበቅላል” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ “ፓስተር፣ ካንሰሩን እኔ አይቼው አላውቅም። ፀጉሬን ግን በየጠዋቱ ከትራሴ ላይ እለቅመዋለሁ። ሦስተኛውን ዙር አልወስድም፤ በቃኝ” አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ስለምትቀበለው ሕክምና ምንም አላውቅም ነበር እኮ! ከዚያ ወዲያ ሐኪሞችን ጠየቅሁ፤ ቃሉንም እንደገና ገለጥኩ።

ፀጉር የሚረግፈው ለምንድን ነው?

ካንሰር ማለት በሰውነታችን ያሉ ሴሎች ከቁጥጥር ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ ነው። ኬሞ የምንለው ሕክምና ደግሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ይመታል። ታዲያ አብዛኞቹ የኬሞ መድኃኒቶች የካንሰሩን ሴል ከጤነኛው ጥሩ አድርገው አይለዩም። ከጤነኛ ሴሎቻችን ውስጥ በጣም በፍጥነት ከሚባዙት መካከል የፀጉር ሥር ሴሎች ይገኙበታል። ከራስ ፀጉራችን ወደ 90 በመቶ የሚሆነው በማንኛውም ጊዜ በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲገባ ሥሩ ይመታል፣ ፀጉሩም ይረግፋል። አፍ የሚቆስለው፣ ሆድ የሚረበሸው፣ ደም የሚያንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መርገፉ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የመጀመሪያው መድኃኒት ከተወሰደ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንዳንዶች ቀደም ብሎ የራስ ቆዳቸውን ያማቸዋል፣ ያሳክካቸዋል። ከዚያ ማበጠሪያው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ ሲታጠቡ እጃቸው ላይ እፍኝ እፍኝ ይቀራል። የራስ ፀጉር ብቻም አይደለም፤ ቅንድብና ሽፋሽፍትም፣ የወንዶች ጢምም ሊሄድ ይችላል። ቅንድብ ሲጠፋ የፊት መልክ ይለወጣል፤ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ይፈልጋል።

ሁሉም መድኃኒት ግን እኩል አይደለም። ብዙዎች “ቀዩ መድኃኒት” የሚሉት ዶክሶሩቢሲንና ፓክሊታክሰል የተባለው ብዙውን ጊዜ ፀጉርን ሙሉ በሙሉ ያረግፋሉ። ሌሎች ያሳሱታል፤ ጨርሶ የማይነኩትም አሉ። የጨረር ሕክምና ደግሞ የሚያረግፈው ጨረሩ ያረፈበትን ቦታ ፀጉር ብቻ ነው። በአንዳንድ ሆስፒታሎች መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት ራስን የሚያቀዘቅዝ ቆብ ያደርጋሉ፤ መርገፉን ሊቀንስ ይችላል፣ ለሁሉም ግን አይሠራም።

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ ወሬዎችን እናፍርስ። “ፀጉሯ ረገፈ፣ እንግዲህ አበቃላት” የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው፤ የረገፈው በመድኃኒቱ እንጂ ካንሰሩ ስለበረታ አይደለም። “የእኔ አልረገፈም፣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው” የሚሉም አሉ። ይህም ሐሰት ነው። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው በሐኪም ምርመራ ነው፤ በፀጉር አይለካም።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ውስጥ ብቅ ማለት ይጀምራል። በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። መጀመሪያ ሲመጣ ቀለሙ ወይም አጠቀላለሉ የተለየ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ሳስቶ ይቀራል። እንግዲህ አስሉት፤ ሹሩባ ለመሠራት የሚበቃ ፀጉር እስኪመጣ ብዙ ወራት ይፈጃል። “ይበቅላል” ያልኳት ሐሰት አልነበረም፤ ግን በመሃል ያለውን ያን ሁሉ ወር እንዴት ትለፈው?

ኀዘኑ ከንቱ አይደለም

በአገራችን ራስ መላጨት በብዙ ቦታ የለቅሶ ምልክት ነው። ራሷን ያልሸፈነች ታማሚ ገበያ ብትወጣ “ማን ሞቶባት ነው?” ይባላል። ሻሽ ብታስር ደግሞ ሌላ በሽታ ይወራባታል። እኛ አማኞችም “ይህ ክፉ መንፈስ ነው” ብለን የምንጨምርባት ጊዜ አለ። ይቅር ይበለን! ሐዋርያው ጳውሎስ የሴትን ረጅም ፀጉር ክብሯ ይለዋል (1ኛ ቆሮ. 11፥15)። ክብሯን ያጣች ሴት ብታለቅስ ሥጋዊት ሆና አይደለም።

2ኛ ሳሙኤል 10ን አንብቡት። ዳዊት ለሐዘን የላካቸውን መልእክተኞች የአሞን ንጉሥ ሐኖን ግማሽ ጢማቸውን ላጫቸው። በጣም አፈሩ። ዳዊት ምን አደረገ? “ጢም ምን አላት፣ ይበቅል የለ?” አላለም። ወደ ኢየሩሳሌም ሳይደርሱ የሚቀበላቸው ሰው ላከ፤ ጢማቸው እስኪያድግም በኢያሪኮ እንዲቆዩ፣ ከዚያ እንዲመለሱ ነገራቸው። አያችሁ? ንጉሡ ሐፍረታቸውን አልናቀም፤ የሚቆዩበት ቦታና ጊዜ ሰጣቸው። ወገኖቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ለታማሚ ኢያሪኮ ልትሆንላት ይገባል።

ኢያሪኮ እንድንሆን

1. ሕክምና አታስቁሙ። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የፈውስን ቃል ካመጣለት በኋላ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዝዟል (ኢሳ. 38፥21)። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። ሕመምተኛ ለጾም ጸሎት ሲነሳም መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

2. እጅ ከመጫናችሁ በፊት ጠይቁ። አገልጋዮች፣ ይህ ለእኛ ነው። የራስ ቆዳዋ ሊያማት ይችላል፤ ሻሿ ወይም ዊጓ በሰው ፊት ቢወልቅ ዳግመኛ አትመጣም። ትከሻዋን መያዝ ይበቃል።

3. ጉንፋን ይዟችሁ አትጠይቋት። ኬሞ በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳል። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ እየሄዳችሁ ጸልዩ።

4. አስቀድማችሁ አብራችሁ ተዘጋጁ። ብዙዎች ፀጉራቸውን ቀድመው ማሳጠራቸው ድንጋጤውን ቀንሶላቸዋል። ለልጆችም “እማማ መድኃኒት ስለምትወስድ ፀጉሯ ይረግፋል” ብሎ አስቀድሞ መንገር ይሻላል።

5. የራስ ቆዳን ተንከባከቡ። ለስላሳ ሻሽ ይታሰር፤ ከፀሐይና ከብርድ ይከለል። የሚወጥር ሹሩባ፣ ካስክ፣ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካልና ቀለም ይቆዩ። ባህላዊ ቅባትም ሆነ የሚጠጣ ነገር ሐኪም ሳያውቅ አይሞከር።

ወደ እህታችን ልመለስ። በሳምንቱ ባለቤቴ ብቻዋን ሄደች። ምንም አልሰበከችም፤ የቀረውን ፀጉር በመቀስ አስተካከለችላት፣ አብረው አለቀሱ። ሦስተኛው ዙር ቀን ከመዘምራን አንዷ ሆስፒታል ድረስ አብራት ሄደች። ዙሮቹን ጨረሰች። ዛሬም ክትትሏን አላቋረጠችም፤ አጭር ፀጉሯን ይዛ ከመዘምራን ጋር ትቆማለች።

ጌታችን በሉቃስ 12፥7 አባታችን የራሳችንን ፀጉር ቁጥር እንኳ እንደሚያውቅ ነግሮናል። በሕክምና ላይ ያለሽ እህቴ፣ አንተም ወንድሜ፣ ከትራስ ላይ የምትለቅሙት ፀጉር በእርሱ ዘንድ የታወቀ ነው። ሐፍረታችሁን አይንቀውም፤ እኛም አንናቀው። ቀጠሯችሁን አታሳልፉ። ጌታ ይባርካችሁ።