ስለ ሕፃናት ጥቃት ጥቆማ መስመር፦ ተረትና እውነታ

የሕፃናት ጥቃት ጥቆማ መስመር በልጅ ላይ በደል ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው ብሎ የጠረጠረ ሁሉ ደውሎ የሚያሳውቅበት ስልክ ነው። በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ይህ መስመር ቻይልድላይን ይባላል፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ የተቀበለውን ጥቆማ ለሚመለከተው ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ያስተላልፋል። ስለ እንዲህ ዓይነት መስመሮች የሰው ኃይልና ፍጥነት በሰፊው ከሚታመነው ብዙው ስሕተት ነው።

ተረት 1፦ ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ የዘጋው ጉዳዩ ከባድ ስላልሆነ ነው።

እውነታ፦ ወረፋ ጠብቆ የዘጋ ሰው ምን ሊናገር እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። በዳዩ ባለበት ቤት ተደብቆ የሚደውል ልጅ ወይም ዘመድ ለመጠበቅ ፋታ የለውም። የፔንሲልቬንያ ዋና ኦዲተር የነበሩት ዩጂን ዴፓስኳል እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ እንዳደረጉት፣ በ2015 ለቻይልድላይን ከተደወሉት ወደ 189,000 ጥሪዎች 42,000 ያህሉ፣ ማለትም 22 በመቶው፣ ሳይመለሱ ቀርተዋል። በልጆች ላይ ከተፈጸመው የጄሪ ሳንደስኪ የወሲብ ጥቃት ወንጀል ጉዳይ በኋላ የግዛቲቱ ሕግ ተሻሽሎ ጥቆማ የመስጠት ግዴታ ሲሰፋ ጥሪው በረከተ፤ የሰው ኃይሉ ግን አብሮ አላደገም።

ተረት 2፦ ሠራተኛው ከሥራው መጠን ጋር እኩል ከሆነ ይበቃል።

እውነታ፦ ጥሪ ተራ ጠብቆ አይመጣም፤ አንዴ ይደራረባል፣ አንዴ ይሳሳል። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ሥራ ከዚህ የተነሳ የሚፈጠረውን ጥበቃ የሚያሰላ ቀመር አበጅቷል። በሰዓት በአማካይ 20 ጥሪ ቢመጣና እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ ሥራው 5 ሰው ሙሉ ሰዓት ያስይዛል። 5 ተቀባይ ብቻ ካለ ግን ወረፋው ማብቂያ አይኖረውም። ማንም ሳይዘጋ ቢጠብቅ፣ በ6 ተቀባይ አማካይ ጥበቃው 9 ደቂቃ ገደማ፣ በ7 ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ በ8 ደግሞ ከአንድ ደቂቃ በታች ይሆናል። ሥራ ፈት የሚመስለው ተረኛ ቀጣዩን ስልክ ወዲያው የሚያነሳው ሰው ነው። ዕረፍት፣ ሕመምና ሥልጠና የሚወስዱት ሰዓትም በዕቅዱ ላይ መታከል አለበት፤ ፈረቃውም ጥሪ የሚበዛበትን ሰዓት መከተል አለበት።

ተረት 3፦ ንግግሩን ማሳጠር ወረፋውን ያቃልላል።

እውነታ፦ ተቀባዩ የልጁን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ የተጠርጣሪውን ማንነት፣ ልጁ አሁን አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑን ማጣራት አለበት። ይህ ከተዘለለ መርማሪው የተሳሳተ በር ያንኳኳል፣ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ማሳጠር የሚገባው አንድን መረጃ ደጋግሞ መጻፍን የመሰለ የቢሮ ሥራ ነው። መምህራንና ሐኪሞች ጥቆማቸውን በኢንተርኔት ቅጽ እንዲያስገቡ ማድረግም መስመሩን ያቃልላል።

ተረት 4፦ ሰው ከተቀጠረ ችግሩ ወዲያው ይፈታል።

እውነታ፦ አዲስ ተቀጣሪ ብቻውን ጥሪ ከመቀበሉ በፊት ሕጉን፣ የአደጋ ደረጃ አመዳደብንና የተጨነቀ ሰው የማነጋገር ዘዴን መማር አለበት። ቀን ከሌት የልጆችን ስቃይ መስማት መንፈስን ስለሚያደክም ልምድ ያላቸው ይለቃሉ። ተመጣጣኝ ደመወዝ፣ ከከባድ ጥሪ በኋላ የሚሰጥ ዕረፍትና የቅርብ ኃላፊ ድጋፍ የቅጥርን ያህል ያስፈልጋሉ።

ተረት 5፦ ስልኩ ቶሎ ከተነሳ ሥራው ተሳክቷል።

እውነታ፦ ፍጥነት የመጀመሪያው መለኪያ ብቻ ነው። በፔንሲልቬንያ ሕግ ጥቃት ደርሷል የሚል ጥቆማ የደረሰው የካውንቲ መሥሪያ ቤት ልጁን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ አስቸኳይ ጥበቃ ካስፈለገም ወዲያውኑ፣ ማየት አለበት። በስልክ ላይ የተሳሳተ ምደባ ይህን ሁሉ ያዛባል። በመሆኑም ኃላፊዎች ጥሪዎችን ናሙና እየወሰዱ ማዳመጥ አለባቸው፤ የዴፓስኳል የ2016 ሪፖርት በ2015 በዚህ መልክ የተደመጡት ጥሪዎች 7 ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። የጥበቃ ጊዜ፣ ሳይመለሱ የቀሩ ጥሪዎች፣ የምደባ ትክክለኛነትና ጥቆማው ካውንቲው ዘንድ ለመድረስ የወሰደበት ጊዜ አንድ ላይ ሲለኩ ነው መስመሩ ልጆችን ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚታወቀው።