ሕመሙ ክንድ ላይ፣ ምክንያቱ አንገት ውስጥ

ከትከሻ ተነስቶ ክንድን እየጠዘጠዘ እስከ ጣት የሚወርድ ሕመም ሲጀምር ብዙ ሰው “ብርድ መታኝ” ይላል። ክንዱን በቅባት ያሻል፣ በትኩስ ጨርቅ ይይዛል። ክንዱ ግን ምንም ላይሆን ይችላል። ጣጣው ያለው አንገት ውስጥ፣ ነርቭ ከአከርካሪ በሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ አጠገብ ሊሆን ይችላል።

አንገት 7 አጥንቶች አሉት። ከላይኞቹ ሁለቱ መካከል በስተቀር በየመሃላቸው ዲስክ አለ፤ ዙሪያው ጠንካራ ንብርብር፣ ውስጡ ለስላሳና ውሃ ያዘለ። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ንብርብሩም ይሰነጠቃል። ዲስክ ተንሸራተተ የሚባለው በስንጥቁ በኩል ውስጡ ሲወጣ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ከቦታው አይነቃነቅም። የወጣው ነገር ነርቩን ከመጫኑም በላይ ያስቆጣዋል፤ ለዚህ ነው ትንሽ ቁራጭ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም የምታመጣው።

የትኛው ነርቭ እንደተነካ ጣቶች ይናገራሉ። በ5ኛውና በ6ኛው አጥንት መካከል ከሆነ 6ኛው ነርቭ ይታመማል፤ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ይደነዝዛሉ። አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል 7ኛው ነርቭ ይነካል፤ መሃል ጣት ይደነዝዛል፣ ክንድን የሚዘረጋው ጡንቻ ይደክማል፣ በር መግፋት ያቅታል። የሚበዙትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከዚያ በታች ያለው 8ኛው ነርቭ ወደ ቀለበት ጣትና ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል።

አንዳንድ ሕመምተኛ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይቀመጣል፤ ማንም ሳይነግረው በዚህ አቀማመጥ የነርቩ ውጥረት እንደሚላላ ደርሶበታል። ሐኪሙ ደግሞ ተቃራኒውን ይሞክራል፦ ሰውየውን ቀና አድርጎ ራሱን ወደሚያመው ጎን ያዘነብልና በቀስታ ይጫናል። ሕመሙ እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ክንድ ከወረደ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም በኤምአርአይ ሲታዩ ያበጠ ዲስክ ይገኝባቸዋል። ስለዚህ ምስሉ ከደነዘዘው ጣትና ከደከመው ጡንቻ ጋር ካልገጠመ ብቻውን ፍርድ መሆን የለበትም፤ ለቀዶ ሕክምና ደግሞ በፍጹም።

መልካሙ ዜና ብዙው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና መዳኑ ነው። የወጣውን ቁራጭ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ሊያሟሟው ይችላል። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሮቸስተር፣ ከ1976 እስከ 1990 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የታዩ 561 የዚህ ሕመም ተጠቂዎች ተጠንተው ነበር። ከ4ቱ አንድ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ በመጨረሻው ክትትል ግን 90 በመቶ ያህሉ ወይ ሕመም የላቸውም ወይ የቀራቸው ቀላል ነበር። ቀዶ ሕክምና ለማይደረግላቸው የሚያስፈልገው ማስታገሻ፣ ፊዚዮቴራፒና ሳምንታትን የሚጠይቅ ትዕግሥት ነው። ወጌሻ ለወለምታ ባለውለታችን ነው፤ እንዲህ የታመመን አንገት ማስጠምዘዝ ግን ሕብለ ሰረሰርን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ትዕግሥት የማይገባበትም ጊዜ አለ። እጅ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው፣ እርምጃ ሲንገዳገድ፣ ሽንት አልታዘዝ ሲል የተጫነው ሕብለ ሰረሰሩ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ ያሻል። የክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ የአንገቱ ነገር ይቆይና አስቀድሞ ልብ ይመርመር።