ዐመለኛ ያልነው ጎረምሳ ፈረስ

ፈረስ ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ ነው። በዱር ዘመኑ የአራዊት ሲሳይ ስለነበረ ያነከሰና የደከመ ቀድሞ ይበላ ነበር፤ ያ ፍርሃት ዛሬም ከደሙ አልወጣም። ስለዚህ እስኪያቅተው ድረስ ዝም ይላል። ሲያቅተው ደግሞ አይጮኽም፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ልጓም ሲያይ ያፈገፍጋል፣ ኮርቻ ሲጠጋው ይራገጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ አለንጋ ያነሳል። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በላፍቶ፣ በሀና ማርያምና በፉሪ በኩል ፈረስ ከሚገሩ ሰዎች ጋር በቆየሁባቸው ጊዜያት እንዳየሁት፣ በለጋ ፈረስ ጀርባ ላይ ከሚያርፈው ዱላ አብዛኛው የሚያርፈው በታመመ ፈረስ ላይ ነው።

የሠለጠነውን ፈረስ ማክበር እናውቅበታለን። መሪዎቻችንን በፈረሳቸው ስም የጠራን ሕዝብ ነን፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ናቸው። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓሉን ያከብራል። ተሸልሞ የወጣውን ፈረስ ለማየት ሁሉም ይወጣል። ያ ፈረስ ግን ከሁለት እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ ምን እንደደረሰበት የሚጠይቅ የለም። እኔ ስለዚያ ዕድሜ ነው መናገር የምፈልገው፤ ፈረስ የሚሠራውም የሚበላሸውም ያኔ ነውና።

ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ዘር ይከፍሏቸዋል፤ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለው ሰላሌ አንዱ ነው። ሰኮናው ጠንከር ያለ፣ ብርድና ዳገት የማይበግረው ፈረስ ነው። ንጹሕ ውሃ፣ በቂ ሣር፣ ከዝናብ መጠለያና በየጊዜው የትል መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ማንም ያውቃል፤ እሱን አልፈዋለሁ።

የማላልፈው አፉን ነው።

ውርንጭላ 24 የወተት ጥርሶች አሉት፤ 12 የፊት፣ 12 የመንጋጋ። መሐለኞቹ የፊት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይወልቃሉ፣ ቀጥሎ ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳርቾቹ በአራት ዓመት ተኩል። የመንጋጋዎቹም በዚሁ ጊዜ መሐል ይቀየራሉ። እንግዲህ አስቡት፤ 24 ጥርስ በሁለት ዓመት ውስጥ። እኛስ ፈረሱን መግራት የምንጀምረው መቼ ነው? ልክ በዚሁ ዕድሜ። ድዱ አብጦ፣ አዲሱ ጥርስ ከሥር እየገፋ፣ የአሮጌው ስባሪ በላዩ ላይ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ብረት እናጎርሰዋለን። ጥርሱ የሚነቃነቅ ልጅ ሸንኮራ አልግጥም ቢል ማንም አይገርፈውም፤ ፈረሱን ግን እንገርፈዋለን።

ብረቱም ተራ ብረት አይደለም። ባህላዊው ልጓማችን ታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ የብረት ቀለበት አለው። ሲሳብ ቀለበቱ አገጩን ይጨብጣል፣ አፍ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ላንቃውን ይገፋል። ይህ ልጓም የሚስማማው አንድ እጁ ጦርና ጋሻ ለያዘ፣ በሌላው እጁ ጣቶች ብቻ ፈረሱን ለሚያዝ ፈረሰኛ፣ ለበሰለም ፈረስ ነው። በሦስት ዓመት ውርንጭላ አፍ ውስጥ፣ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ በሚስብ ጎረምሳ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሠራ መገመት አያዳግትም።

ኃይሌ ጋርመንት ከሚባለው ሰፈር ወዲህ ባለው ሜዳ አንድ ልጅ ዳማ ፈረሱን ከግንድ ጋር አስሮ ልጓም ሊያስገባለት ሲታገል ደረስኩ። የፈረሱ አፍ ጥግ ደምቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዐመለኛ ነው። ገብስ ሲበላ እንኳ ግማሹን ይተፋዋል፤ ጥጋብ ነው» አለኝ።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሦስት ሞልቶታል።»

አፉን እንድናይ ለመንኩት። በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መሐል ጥርስ የሌለበት ክፍት ቦታ አለ፤ ልጓም የሚያርፈው እዚያ ነው፣ አውራ ጣትም በከንፈሩ ጥግ በዚያ ሲገባ ፈረስ አፉን ይከፍታል። በጎን የነበረው የወተት መንጋጋ ጥርስ ግማሹ ወልቆ ግማሹ በድዱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዙሪያው ቀልቷል። ልጁ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ልጓሙን ከመሬት አንስቶ ጋሪው ላይ ወረወረው። ስባሪውን የእንስሳት ሐኪም አወጣለት፤ ፈረሱም ድዱ እስኪደርቅ በራስ ገመድ ብቻ ሠለጠነ። አሁን ልጓም ሲቀርብለት አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

የጥርስ ሕመም ምልክቶች ልብ ላለ ሰው ቀላል ናቸው። ሣሩን አላምጦ ጠቅልሎ ይጥላል። በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ያመነታል። ሲጋለብ ወደ አንድ ጎን መዞር ይወዳል፣ ወደ ሌላው ይደነድናል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ አፍ ማየት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ሰኮና ከማየት አይበልጥም። ይህን የማያደርግ ሰው ፈረስ እገራለሁ ባይል ይሻለዋል።

ከዚሁ ከጥርስ ጋር የተያያዘና ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አንድ ስሕተት አለ። በሦስትና በአራት ዓመት ዕድሜ በብዙ ፈረሶች የታችኛው መንጋጋ አጥንት ላይ ጠንካራ እብጠቶች ይወጣሉ፤ አንዳንዴ በሁለቱም ጎን፣ ትይዩ ሆነው። ይህ በሽታ አይደለም። የአዲሱ መንጋጋ ጥርስ ረጅም ሥር አጥንቱን ከውስጥ እየገፋው ነው፤ ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ በጊዜ ሂደት እየጠፋ ይሄዳል። ሰው ግን ያየዋል፣ ይደነግጣል፣ ብረት ያግላል። በእብጠቱ ላይ የተተኮሰ ፈረስ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ። እብጠቱ ከዓመት በኋላ ሲጠፋ «መተኮሱ አዳነው» ይባላል፤ ጎረቤትም ያንኑ ይማራል። እንዲህ ነው ከንቱው መድኃኒት ምስክር እያገኘ የኖረው። መተኮሱ ያመጣው ቁስል፣ ጠባሳና ከዚያ ወዲያ ሰው ፊቱን ሲነካው የሚደነግጥ ፈረስ ብቻ ነው። እብጠቱ ለስላሳና ትኩስ ከሆነ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሐኪም ያስፈልጋል።

በገጣባም ላይ እንዲሁ እንሳሳታለን። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ላይ ጨርቅ ደርቦ መጫን ሕክምና አይደለም፤ የላፍቶን ጋሪ ነጂዎች በዚህ እወቅሳለሁ። ጸጉሩ በአንድ ቦታ ተመልጦ ሲታይ የጭነት ዕቃው ያን ቀን ይውረድ፤ ቆዳው ሳይከፈት የተደረሰበት በቀናት ይድናል፣ ተከፍቶ የተጫነበት ወራት ይፈጃል። ደግሞም ለመጫን መጣደፉ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የፈረስ የጀርባ አጥንት ዕድገቱን የሚጨርሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ሌላው የላፍቶ ጣጣ ሚስማር ነው። በየአቅጣጫው ግንባታ አለ፤ ሚስማሩና የብረት ቁርጥራጩ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ትላንት ደህና የነበረ ፈረስ ዛሬ ጠዋት አንድ እግሩን መሬት ማስነካት ካቃተው መጀመሪያ ሰኮናው ሥር ይታይ። የተነቀለው ሚስማር አይጣል፤ ምን ያህል ገብቶ፣ ወዴት አዘንብሎ እንደነበረ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ ከቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ «ትንሽ ቀዳዳ ናት» ተብሎ አይታለፍም።

በሳል ላይ ደግሞ ትዕግሥት ያልቅብናል። ፈረስ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ አየሩ ሁሉ በአፍንጫው ነው የሚገባው። አቧራ ያለበት ጭድ የሚበላ ፈረስ አቧራውን ሁሉ ይስባል፤ ጭዱን በውሃ ማርጠብ ብቻውን ብዙ ሳል ያስቀራል። ትኩሳት መኖሩን ለማወቅ ግን ቴርሞሜትር ይግዙ። የደህና ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ትኩሳት ለነበረበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳምንት ዕረፍት የሚለው የሐኪሞች ልማድ ብዙ ሰው ያስቆጣል። «ሦስት ቀን አተኮሰው፣ ሦስት ሳምንት ላስቀምጠው?» ይሉኛል። አዎ። ሳንባው ሳይጠገን የተጋለበ ጎረምሳ ዕድሜውን ሙሉ ሲስል ሊኖር ይችላል። ከአገጩ ሥር እብጠትና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለው ደግሞ ከሌሎቹ ይለይ፤ ባልዲውም ለብቻው ይሁን። ኮርቻና የጭነት ዕቃ መዋዋስም ይቅር፤ በፈንገስ የሚመጣውና እንደ ቁልፍ እየተደረደረ የሚፈነዳው የቆዳ እብጠት በእንዲህ ያለ ዕቃና በዝንብ ነው ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚዛመተው።

ዕረፍት ማለት ግን ሥልጠና ማቆም አይደለም፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በሕመም ምክንያት የማይጫነው ፈረስ ትኩሳቱ ከለቀቀውና እግሩ ከቻለ በገመድ በዝግታ ሊሄድ ይችላል። እግሩን ማንሳት፣ ሰኮናው ሲጠረግ መቆም፣ ጆሮውን መነካት፣ የአይሱዙ ጥሩንባና የባጃጅ ድምፅ መልመድ፣ ፌስታል ሲበር አለመበርገግ፣ ይህ ሁሉ ያለ ልጓምና ያለ ኮርቻ ይማራል። እኔ ካየኋቸው የተረጋጉ የጋሪ ፈረሶች አንዱ በጎረምሳነቱ በሰኮና መግል ሥራ ፈትቶ የከረመው ነው፤ ባለቤቱ በየቀኑ እግሩን በሞቀ የጨው ውሃ ሲዘፈዝፍለት ሰውን ማመን ተማረ።

አስቀድሞ መከላከል የሚቻልም ሕመም አለ፤ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት በቢሾፍቱ፣ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። በሽታውን የምታስተላልፈው በሌሊት የምትናከስ ደቃቃ ዝንብ ናት፤ በዝናቡ ማብቂያ ትበዛለች። ስለዚህ ክትባቱን ክረምቱ ሳይወጣ ማስወጋት፣ ከምሽት እስከ ንጋትም ፈረሱን ከረግረግና ከወንዝ ዳር አርቆ ማሳደር ነው። ለጥርስና ለሰኮና የሚረዳ ሐኪም በአቅራቢያ ከጠፋ ቢሾፍቱ ከላፍቶ ሩቅ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው። ፈረሱን በመኪና ከመጫን በፊት ሁለት ሳምንት ያህል በራምፕ መውጣትና መውረድ ያለማምዱት፤ የታመመ ዕለት መማር አይችልም።