የአማተር ራዲዮ ሠራተኞች ስለ አሮጌና ስለ አዲስ መሣሪያ ያላቸው አስተያየት

አማተር ራዲዮ ማለት ሰዎች ደመወዝ ወይም ትርፍ ሳይሹ፤ ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲሉ ብቻ፤ በግል መሣሪያቸው በራዲዮ ሞገድ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ሥራ ነው። ሥራው በየአገሩ መንግሥት ፈቃድ የሚካሄድ ሲሆን፤ እያንዳንዱ ባለፈቃድ ከፊደልና ከቁጥር የተውጣጣ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል፤ ምልክቱም ከየት አገር እንደሚናገር ያስታውቃል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት ኢ እና ቲ በሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። እነዚህ ሰዎች በመላው ዓለም ተበታትነው የሚኖሩ ቢሆኑም፤ የራሳቸው አነጋገር፣ የራሳቸው ሥርዐትና የራሳቸው የክብር መለኪያ ስላላቸው፤ እንደ አንድ ማኅበረ ሰብ ሊጠኑ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉት አማተሮች በሶፍትዌር ስለሚሠራው አዲስ ራዲዮና በቫልቭ ስለሚሠራው አሮጌ መሣሪያ ያላቸውን አስተያየት ለመግለጽ የታሰበ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የማኅበረ ሰቡ ጠባይ

አማተሮች ራሳቸውን «ሃም» ብለው ይጠራሉ። በአየር ላይ ሲገናኙ ወንዱን ሁሉ፤ ገና ወጣት ቢሆንም እንኳ፤ «ሽማግሌው» በሚል ትርጕም ባለው ምሕፃረ ቃል ይጠሩታል። ሲሰነባበቱ «73» የሚለውን ቍጥር ይልካሉ፤ ይኸውም መልካም ምኞት ማለት ነው። አዲስ ገቢውን የሚያስተምር አዋቂ «ኤልመር» ይባላል፤ ይህም ስም በ1971 በአሜሪካ አማተሮች ማኅበር መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ የተለመደ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት «ዝም ያለ መምቻ» ሆነ ይላሉ፤ ትርጓሜውም የሞርስ ምልክት ይመታበት የነበረው መሣሪያ ከእንግዲህ ወዲህ አይሰማም ማለት ነው።

በዚህ ማኅበረ ሰብ ዘንድ ክብር የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እጅግ ሩቅ ከሆነ ወይም አማተር ከማይበዛበት አገር ጋር መገናኘት ነው። ሁለተኛው መሣሪያን በገዛ እጅ መሥራት ወይም ሲበላሽ መጠገን መቻል ነው። በዚህም ምክንያት ዕቃ ገዝቶ ቍልፍ ከመጫን በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው በመናቅ አነጋገር ይነሣል። ይህ ንቀት የኵራት ጕዳይ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ የአማተርን አገልግሎት ሲተረጕም፤ ራስን በራስ ማስተማር፣ እርስ በርስ መገናኘትና የቴክኒክ ምርመራ የሚሉትን ዓላማዎች ይዘረዝራል። ብዙ ኩባንያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉት ሞገድ ለአማተሮች በነጻ የተተወው በዚህ ትርጓሜ መሠረት ስለ ሆነ፤ «ራስን ማስተማር ምንድር ነው?» የሚለው ጥያቄ የማኅበረ ሰቡን ህልውና የሚነካ ጥያቄ ነው። ስለ መሣሪያ የሚደረገውም ክርክር በውስጡ ይህን ጥያቄ ይዟል።

የሁለቱ መሣሪያዎች አሠራር

አሮጌው መቀበያ በአብዛኛው የሚሠራው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1918 በፈለሰፈው ሱፐርሄትሮዳይን በተባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ከአንቴና የሚመጣው ሞገድ ወደ አንድ የተወሰነ መካከለኛ ሞገድ ይለወጣል፤ ከዚያም በማጣሪያ ያልፋል፤ ተጠናክሮም ወደ ድምፅ ይመለሳል። እያንዳንዱ ተግባር የራሱ አካል አለው፤ ማጣሪያው በእጅ የሚዳሰስ ክሪስታል ወይም ጥቅል ሽቦ ነው፤ ቫልቩ ሲግል ብርሃኑ ይታያል። እንዲህ ካሉት መሣሪያዎች መካከል በ1935 የወጣው የናሽናል ኩባንያ ኤች.አር.ኦ.፣ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተሠራው አር-390ኤ እና የኮሊንስ ኩባንያ በ1958 ያወጣው ኤስ-ላይን በአማተሮች ዘንድ እጅግ የታወቁ ናቸው። አር-390ኤ 38 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፤ እርሱንና እርሱን የመሰሉትን ሁሉ አማተሮች በቀልድ «የጀልባ መልሕቅ» ይሏቸዋል።

በሶፍትዌር የሚሠራው ራዲዮ ግን ከአንቴና የመጣውን ሞገድ ወዲያውኑ ወደ ቍጥር ይለውጠዋል። እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ በቀጥታ ለመያዝ፤ የሞገዱን መጠን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ60 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መለካት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ማጣራቱም ሆነ ወደ ድምፅ መመለሱ የሚፈጸመው በስሌት ነው። ማጣሪያን ማጥበብ ወይም ማስፋት የሚፈልግ ሰው ቍጥር ይለውጣል እንጂ ዕቃ አይለውጥም። እንዲሁም መሣሪያው ሰፊ የሞገድ ክልልን በአንድ ጊዜ ስለሚለካ፤ በዚያ ክልል ያለውን ጣቢያ ሁሉ በመስተዋቱ ላይ በሥዕል ያሳያል። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ስለሚፈስ «ፏፏቴ» ይባላል።

«የሶፍትዌር ራዲዮ» የሚለው ሐሳብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጆሴፍ ሚቶላ ጽሑፎች የታወቀ ሲሆን፤ ወደ አማተሮች በሰፊው የገባው ጄራልድ ያንግብለድ ከ2002 ጀምሮ ባሳተማቸው ተከታታይ ጽሑፎችና ከእነርሱ በወጣው ኤስ.ዲ.አር.-1000 በተባለው መሣሪያ ነው። በ2012 ደግሞ ቴሌቪዥን ለማየት የተሠራ አንድ ትንሽ የኮምፒዩተር መሰኪያ፤ ሃያ ዶላር ያህል ብቻ የሚያወጣ፤ እንደ ራዲዮ መቀበያ ሊያገለግል እንደሚችል ታወቀ። በ2016 ገበያ ላይ የዋለው የአይኮም ኩባንያ አይ.ሲ.-7300 በዚህ ዘዴ የሚሠራውን ራዲዮ በብዙ አማተሮች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

የቀድሞ ክርክሮች

አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር በአማተሮች መካከል ክርክር መነሣቱ የዛሬ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ዘመን ማሰራጫው ሁሉ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሠራ ነበር። በታኅሣሥ 1921 የአሜሪካ አማተሮች ፖል ጎድሊን ወደ ስኮትላንድ፤ አርድሮሳን ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ላኩት፤ እርሱም አትላንቲክን ተሻግረው የመጡትን የአማተር ጣቢያዎች ድምፅ ሰማ። ከተሰሙት ውስጥ የሚበዙት በቫልቭ የሚሠሩት ስለ ነበሩ፤ የብልጭታው ዘመን ማለቁ በዚህ ታወቀ። ይሁን እንጂ በብልጭታው ድምፅ ያደጉት ሰዎች የቫልቩን ቀጭን ፉጨት ነፍስ የሌለው ነገር አድርገው ይቈጥሩት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ነጠላ ጐን ሞገድ የተባለው የንግግር ዘዴ መጣ። ይህ ዘዴ ከተለመደው የንግግር ስርጭት ግማሽ ያህል ቦታ ብቻ የሚይዝና ኀይልን የሚቈጥብ ነበር፤ ነገር ግን በተለመደው መቀበያ ሲሰማ እንደ ዳክዬ ጩኸት ያለ ድምፅ ስለሚሰጥ ብዙዎች ዘበቱበት። መሣሪያውም ረቂቅ ስለ ሆነ ብዙ ሰው በቤቱ ከመሥራት ይልቅ ከፋብሪካ መግዛትን መረጠ። ስለዚህ ዛሬ የጥንቱ ጥበብ ምሳሌ ሆኖ የሚከበረው ኤስ-ላይን፤ በወጣበት ዘመን የቤት ሠሪነት ጠላት ተብሎ የሚጠረጠር ዕቃ ነበር። ከዚያም በኋላ የ2003 ዓለም አቀፍ የራዲዮ ጕባኤ የሞርስን ፈተና ለየአገሩ ፈቃድ ሲተወው፤ አሜሪካም በ2007 ፈተናውን ስታስቀር፤ ያው ክርክር በሌላ መልክ ተመለሰ።

ከዚህ እንደሚታየው አንድ መሣሪያ አሮጌ ወይም እውነተኛ የሚባለው በተፈጥሮው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ራዲዮ የሚባለው ተናጋሪው ሥራውን በተማረበት ዘመን የነበረውና እርሱ ውስጡን ለይቶ የሚያውቀው መሣሪያ ነው።

የወገኖቹ ምክንያት

አሮጌውን የሚወዱት የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ምክንያት የመታወቅ ምክንያት ነው። የቫልቭ መሣሪያ ሥዕለ አሠራሩ በወረቀት ላይ ይገኛል፤ የተቃጠለውን በዓይን ማየትና በብየዳ መተካት ይቻላል። በአዲሱ ውስጥ ግን ሥራው የሚከናወነው በሚስማር ራስ በሚያንሱ ነገሮችና በማይታይ ስሌት ስለ ሆነ፤ ባለቤቱ የዕቃው ተጠቃሚ እንጂ ጌታ አይደለም ይላሉ። ሁለተኛው ምክንያት የጆሮ ምክንያት ነው። ስሌቱ ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ራዲዮዎች ድምፁ ይዘገያል፤ በፍጥነት ሞርስ የሚመታ ሰውም በራሱ ምልክቶች መካከል ሌላውን ለመስማት ይቸገራል። እንዲሁም በቅርብ ያለ ኀይለኛ ጣቢያ መለኪያውን ከመጠን በላይ ሲሞላው፤ ሞገዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበላሻል።

አዲሱን የሚደግፉት ደግሞ ለዚህ መልስ አላቸው። የቫልቭ መሣሪያ እስኪግል ድረስ ከተቃኘበት ሞገድ ይንሸራተታል፤ ካፓሲተሩ ያረጃል፤ ቫልቩም ከዓመት ወደ ዓመት ይወደዳል፤ በውስጡ ያለውም ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰውን ሊገድል ይችላል። ከዚህም በላይ ፕሮግራም መጻፍ የዛሬ ብየዳ ነው ይላሉ። ከ2001 ጀምሮ የተስፋፋው ግኑ ራዲዮ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ለማንም የተከፈተ ስለ ሆነ፤ ወጣቱ ተማሪ ማጣሪያ እንዴት እንደሚሠራ በስሌት ሠርቶ ሊያይ ይችላል። ያ ርካሽ መሰኪያም ባለጸጋ ላልሆነ ሰው ቀድሞ ተዘግቶ የነበረውን በር ከፍቶለታል።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ጥልቁ ልዩነት ግን ከጆሮ ወደ ዓይን የተደረገው ሽግግር ነው። እንደ ኢትዮጵያ ካለ አማተር ከማይበዛበት አገር ጥሪ ሲሰማ፤ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይጠሩታል፤ ጣቢያውም እነርሱን የሚሰማው ከሚናገርበት ትንሽ ራቅ ባለ ሞገድ ላይ ነው። ያ ሞገድ የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ በቀድሞ ዘመን ቀስ ብሎ እየቃኙ፤ መልስ ያገኘው ሰው ከየት እንደ ጠራ በጆሮ ማደን ያስፈልግ ነበር። አሁን በፏፏቴው ሥዕል ላይ በአንድ እይታ ይገኛል። አንጋፋዎቹ በዚህ የሚያዝኑት መሣሪያውን ጠልተው አይደለም፤ በዓመታት ትዕግሥት የተገኘው ዕውቀት ዋጋ ስላጣ ነው። በ2017 በጆ ቴይለርና በስቲቨን ፍራንኬ የተሠራው ኤፍ.ቲ.8 ጆሮ የማይለየውን ደካማ ምልክት በ15 ሴኮንድ ተራ እየተቀበለ ሲያነብ፤ «የተገናኙት ሰዎች ናቸው ወይስ ኮምፒዩተሮች?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ጠነከረ። ስለ ሩቅ አገር ግንኙነት ሽልማት የወጣው የአሜሪካው ማኅበር ደንብም፤ ለአንድ ግንኙነት የሚያገለግሉት ማሰራጫና መቀበያ ዲያሜትሩ 500 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ እንዲሆኑ ያዛል። ይህ ደንብ በሌላ አገር ባለ መቀበያ ማዳመጥ በተቻለበት ዘመን፤ ድካሙ የሰውየው ይሁን የሚለውን ስሜት በሕግ መልክ ያስቀመጠ ነው።

የመካከለኛው መንገድና የውርስ ጥያቄ

ይሁን እንጂ ንግግሩና ተግባሩ ሁልጊዜ አይገጥሙም። አሮጌውን የሚያወድሰው ሰው ብዙ ጊዜ አዲሱም አለው። ከአሮጌ መቀበያው መካከለኛ ሞገድ ላይ ሽቦ አውጥቶ ከሶፍትዌር ራዲዮ ጋር የሚያገናኝ አለ፤ በዚህም በጆሮው አሮጌውን ይሰማል፤ በዓይኑ አዲሱን ያያል። ያደሰውን የቫልቭ ማሰራጫ ንጽሕና በአዲሱ መሣሪያ የሚመረምርም አለ። ደግሞም ያለ ቍልፍ የቀረበው የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ራዲዮ በብዙዎች ዘንድ እንደ እንግዳ ሲታይ፤ ያው አሠራር በተለመደ ሣጥን ውስጥ ገብቶ፤ ትልቅ መቃኛ ቍልፍ ተበጅቶለት ሲመጣ፤ ቅሬታው እጅግ ቀነሰ። እንግዲህ ያስቸገረው ስሌቱ ሳይሆን የእጅ ሥራ መጥፋቱ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ አማተር ሲሞት መሣሪያው በጓደኞቹ አማካይነት ለሌሎች አማተሮች ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለቤተ ሰቡ ይሰጣል። የገዛውም ሰው ዕቃው የማን እንደ ነበረ ሊናገር ይወዳል። በዚህ ሥርዐት የሁለቱ መሣሪያዎች ዕድል ይለያያል። በ1958 የተሠራ መቀበያ ተጠግኖ ዛሬም ይሠራል። ኤስ.ዲ.አር.-1000 ግን ከኮምፒዩተር ጋር ይገናኝ የነበረው ፓራሌል በተባለው መሰኪያ ነበር፤ ይህም መሰኪያ ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ጠፍቷል። ስለዚህ ታናሹ መሣሪያ ከታላቁ ቀድሞ አረጀ። በሌላ በኩል የዚያው ራዲዮ ፕሮግራም በነጻ የተሰጠ ስለ ነበረ፤ ሌሎች ሰዎች ተቀብለው ለውጠውታል፤ ለሌሎችም መሣሪያዎች እንዲያገለግል አድርገውታል። በአንደኛው ወገን የሚወረሰው ዕቃው ነው፤ በሁለተኛው ወገን የሚወረሰው ጽሑፉ ነው።

እንዲህ ያለውን ማኅበረ ሰብ የሚመረምር ተማሪ፤ ስለ መሣሪያ የሚሰማውን ወቀሳ የሽማግሌና የወጣት ጠብ አድርጎ ብቻ ሊመለከተው አይገባም። ከሁለቱም ወገን ራሱን ለማስተማር የሚደክምም፤ ሳይደክም በሌላው ሥራ የሚመካም ይገኛል። ሊጠየቅ የሚገባው፤ ባለመሣሪያው ራሱ የሚሠራው የት ላይ እንደሚያበቃ፤ ያወቀውንስ ለሚቀጥለው ሰው የሚያስተላልፈው በምን እንደ ሆነ ነው። ሞገዱ ለአማተሮች የተሰጠው ለመማር እስከ ሆነ ድረስ፤ ማኅበረ ሰቡ ጸንቶ የሚኖረው ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ መልስ የሚሰጡ ሰዎች ሲገኙለት ነው።