ከፖስት ፒል ባሻገር፦ ወጣቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ የእርግዝና መከላከያ አማራጮች

መስከረም ሲጠባ በርካታ የገጠር ወላጆች ልጆቻቸውን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ወረዳ ከተማ ይልካሉ። ትምህርት ቤቱ ከቀበሌያቸው ስለሚርቅ ተማሪዎቹ ሁለትም ሦስትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ እንጀራው፣ ሽሮውና ቆሎው በገበያ ቀን ከቤት ይላክላቸዋል። ወላጅ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ደብተሩና ስለ ስንቁ አጥብቆ ይመክራል። ስለ ፍቅር ግንኙነትና ስለ እርግዝና ግን በአብዛኛው ቤት ዝም ይባላል። ወጣቶቹም የጎደላቸውን ዕውቀት ከጓደኛ ወሬ ይሞላሉ።

የዝምታው ዋጋ የሚከፈለው ከሁሉ በላይ በሴቶች ትምህርትና ጤና ነው። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 13 በመቶዎቹ ወልደው ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ተገኝተዋል። ይህ ቁጥር በከተማ 5 በመቶ፣ በገጠር ደግሞ 15 በመቶ ነበር። የቤተሰብ ሕጉ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም ያለዕድሜ የሚፈጸም ጋብቻ ባለመጥፋቱ ጉዳዩ ያላገቡትን ብቻ ሳይሆን በለጋ ዕድሜ የተዳሩትንም ይመለከታል።

ፖስት ፒል ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ

በከተማ ወጣቶች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ በተለምዶ ስሙ ፖስት ፒል ነው። እንክብሉ የሴቷ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ በማዘግየት እርግዝና እንዳይፈጠር ያደርጋል። ግንኙነቱ ከተፈጸመ በኋላ በፈጠነ ጊዜ ቢወሰድ የተሻለ ይሠራል፤ በተለይ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊወሰድ ይገባል። ሰዓቱ በገፋ መጠን የመከላከል አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ከተወሰደ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ መድገም ያስፈልጋል።

ሦስት ነገሮች ግን በብዙዎች ዘንድ በትክክል አይታወቁም። አንደኛ፣ እንክብሉ አስቀድሞ የተፈጠረ ጽንስን አያቋርጥም። ሁለተኛ፣ ከተወሰደ በኋላ ለሚፈጸም ግንኙነት ዋስትና አይሆንም። ሦስተኛ፣ ከአባላዘር በሽታም ሆነ ከኤች አይ ቪ አይከላከልም። ደጋግሞ መውሰዱ የወር አበባን ያዛባል፤ ከመደበኛዎቹ መከላከያዎች ጋር ሲነጻጸርም የመከላከል አቅሙ ዝቅ ያለ ነው። የወር አበባ ከሚጠበቅበት ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ተገድዳ የተደፈረች ሴት ደግሞ ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል። በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች ከእርግዝና መከላከያው በተጨማሪ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደም ውስጥ እንዳይሰፍር የሚከላከል መድኃኒት ሊጀመርላት ይችላል።

በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚገኙ አማራጮች

መደበኛ መከላከያዎች በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። በ2011 ዓ.ም በተካሄደው ጥናት ካገቡ ሴቶች መካከል 41 በመቶዎቹ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ የነበረ ሲሆን፣ 27 በመቶዎቹ የመረጡት መርፌን ነበር።

የሦስት ወር መርፌ ለብዙዎች የሚመቸው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሌላ ሰው የሚያየው ነገር ስለሌለው ነው። ችግሩ የቀጠሮ ቀን ነው። በትምህርት መዝጊያ ወደ ገጠር የተመለሰች ወይም ለአጨዳ የሄደች ወጣት ቀኑ ሊያልፋት ይችላል። ስለዚህ የቀጠሮ ካርዷን ይዛ በአቅራቢያዋ ባለ ጤና ኬላ መቀጠል እንደምትችል ማወቅ አለባት። መርፌው ከተቋረጠ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ግን መዘግየት እንጂ መካንነት አይደለም።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ እንደ ዓይነቱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ያገለግላል። አንድ ዘንግ ያለው ዓይነት ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጤና ኬላ ጭምር እንዲሰጥ ተደርጓል። ከሚጠቀሙት 100 ሴቶች መካከል በዓመት ውስጥ የምታረግዝ አንዲት እንኳ ላትኖር ትችላለች። የሚታወሱ ቀኖች ስለሌሉት ትምህርቷን እስክትጨርስ መውለድ ለማትፈልግ ወጣት የሚመች ነው። ለማርገዝ ስትፈልግ ወይም ካልተስማማት ባለሙያ ያወጣላታል፤ የማርገዝ አቅሟም ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። በቤት ውስጥ ለማውጣት መሞከር ግን ለጉዳት ይዳርጋል።

በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ለዓመታት ይቆያል፤ ከመዳብ የተሠራው ዓይነት ሆርሞን የለውም። ያልወለዱ ወጣቶችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል ደግሞ ሰዓት ሳያዛቡ መውሰድን ይጠይቃል፤ ከጓደኞቿ ጋር በአንድ ክፍል ለምትኖር ተማሪ ይህ ሁልጊዜ ቀላል ላይሆን ይችላል።

መርፌና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ የወር አበባን ሊያዛቡ፣ ሊያበዙ ወይም ጭራሽ ሊያስቀሩ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ለውጥ ጉዳት የለውም፤ “ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ያሳምማል” የሚለው ወሬም መሠረት የለውም። ይሁንና አስቀድሞ ያልተነገራት ወጣት ደንግጣ ታቋርጣለች፤ ያልተፈለገ እርግዝናም የሚከተለው ያኔ ነው። ደሙ ከበዛ ወይም ጠንካራ ራስ ምታት ካለ ወደ ባለሙያው ተመልሶ መከላከያውን ማስቀየር ይቻላል።

ሁለት ሥራ የሚሠራው ኮንዶም

ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱም ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም። እርግዝናንም በሽታንም አብሮ የሚከላከለው ኮንዶም ነው። ስለዚህ መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረውን የምትጠቀም ወጣትም ኮንዶምን መደረብ ይመከራል። የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበትን፣ በሙቀት ወይም በኪስ ቦርሳ ውስጥ የቆየውን አለመጠቀም፣ ቫዝሊንና ቅባት አለመቀባት እንዲሁም ሁለት ኮንዶም በአንድ ጊዜ አለመደራረብ መሠረታዊ ጥንቃቄዎች ናቸው።

አንዳንድ የአባላዘር በሽታዎች በተለይ በሴቶች ላይ ለረጅም ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ቆይተው መካንነትን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ በብልት ላይ የሚወጣ ቁስል ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ከታየ ሁለቱም ወገኖች መታከም አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከታከመ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

ለባለሙያው የሚነገረው

አገልግሎት ፈላጊዋ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ መናገር አለባት። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና የተወሰኑ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች በክንድ የሚቀበረውንና የእንክብሉን አቅም ይቀንሳሉ። ይህን የሰማ ባለሙያ ሌላ ዓይነት ይመርጥላታል።

የብሔራዊ የቤተሰብ ዕቅድ መመሪያው አገልግሎቱን ለማግኘት ማግባትን እንደ ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም፤ ምስጢርን መጠበቅም የባለሙያው ግዴታ ነው። ወጣቶችን ከጤና ተቋም የሚያርቃቸው በአብዛኛው የመድኃኒት እጥረት ሳይሆን በወረፋው ላይ የሰፈር ሰው የማግኘት ፍርሃት ነው። በመሆኑም ለወጣቶች የተለየ ክፍልና የተመቸ ሰዓት ያዘጋጁ ጤና ጣቢያዎች ይህን ስጋት ያቃልላሉ።

ግንኙነትን ማዘግየት የተከበረ ምርጫ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ከሁሉ የሚያስተማምነውም እርሱ ነው። ሆኖም ዕውቀቱ ወጣቱ ጋ መድረስ ያለበት ከውሳኔው በፊት ነው። ወንዶች ልጆችም ከምክሩ ሊቀሩ አይገባም፤ ኮንዶሙን የሚገዛውም፣ የሴቷን እምቢታ ማክበር ያለበትም ወንዱ ነውና። ለመናገር የሚከብደው ወላጅ ልጁን ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ማገናኘት ይችላል። ለዚህም ጥሩው ጊዜ ልጁ ስንቁን ይዞ ወደ ከተማ ከመሄዱ በፊት ያለው የክረምት ወቅት ነው።