ለድስትና ለክዳን የሚሆን ክብ አሉሚኒየም፦ ተረትና እውነታ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ከመድረሱ በፊት ጨፋ ሮቢትን ያቋርጣል። በዚህ መስመር ባሉ ከተሞች የበያጅ እሳት ከመንገድ ዳር አይጠፋም። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የአልጋ ብረት ይበየዳል። ብረት ድስቱ፣ ክዳኑና ድሮ ከጭቃና ከእበት ይሠራ የነበረውን አክንባሎ የተካው ቀላል አክንባሎ ግን ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ተሠርቶ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። ገዢው እዚሁ አለ፤ እሁድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ይቆማል።

ድስትና ክዳን መሥራትን በአካባቢያቸው ለመጀመር የሚያስቡ ባለሙያዎች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ማሽኑ፣ ክቡን ሞልድ ላይ እየገፋ ቅርጽ ስለሚያስይዘው ቶርኖ ነው። ትርፍና ኪሳራው ግን አስቀድሞ የሚወሰነው ማሽኑ ላይ በሚወጣው ክብ ላሜራ ነው። ላሜራው ሲገዛ የተሠራ ስህተት ቶርኖ ላይ አይታረምም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ ስድስት እምነቶችን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ አሉሚኒየም ያው አሉሚኒየም ነው።

እውነታው፦ ጤፍ ማኛ፣ ሠርገኛና ቀይ እንዳለው ሁሉ አሉሚኒየምም ዓይነት አለው። የሚለየውም በአራት አሃዝ ቁጥር ነው። 1050 የሚባለው 99.5 በመቶ፣ 1100 ደግሞ 99 በመቶ ንጹህ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱም ለስላሳ ስለሆኑ እንደ ልብ ይለጠጣሉ። 3003 ከ1 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ማንጋኒዝ ስላለበት መለጠጡን ሳያጣ ከእነሱ ይጠነክራል፤ ለድስትና ለመጥበሻ በስፋት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ማግኒዥየምና ሲሊኮን ያለበት 6061 ግን በሙቀት ጠንክሮ ከመጣ ለመዋቅርና ለማሽን ክፍል እንጂ ለድስት አይሆንም፤ ሞልድ ላይ ሲገፋ ይሰነጠቃል። በዓይን ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ ነጋዴውን "ስንት ነው ዋጋው?" ከማለት በፊት "ቁጥሩ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ተረት 2፦ ጠንካራ ላሜራ ጠንካራ ዕቃ ይወጣዋል።

እውነታው፦ አሉሚኒየም በተገፋና በተቀጠቀጠ ቁጥር በራሱ ጊዜ ይጠነክራል። ለስላሳ ሆኖ የገባ ክብ ድስት ሆኖ ሲወጣ ጠንክሮ ነው። አስቀድሞ የጠነከረ ላሜራ ግን የሚለጠጥበት አቅም ስላልቀረው ጥጉ ላይ ይቀደዳል። ከአራቱ አሃዝ ቀጥሎ የሚጻፈው ምልክት የሚነግረን ይህንኑ ነው። "ኦ" ሙሉ በሙሉ የለሰለሰ፣ "ኤች 14" በግማሽ የጠነከረ፣ "ኤች 18" ሙሉ በሙሉ የጠነከረ ማለት ነው። ለጎድጓዳ ድስት "ኦ" ይመረጣል፤ እምብዛም ለማይጎደጉድ ክዳን በግማሽ የጠነከረውም ሊበቃ ይችላል።

ምልክቱ ከሌለ ላሜራውን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ፤ ራሱ ላይ አጥፈው በመዶሻ ያስተኙትና የታጠፈበትን ጀርባ በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱ። ለስላሳው ጀርባው ሳይነካ ይታጠፋል። የጠነከረው ጀርባ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ፤ አንዳንዴም ለሁለት ይሰበራል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ይህ ሙከራ ስንት ክብ ከመበላሸት ያድናል!

ተረት 3፦ ብረት ካልቀላ አልለሰለሰም።

እውነታው፦ ይህ ለቀጥቃጭ ብረት የሚሠራ እውቀት ነው፤ ለአሉሚኒየም ግን አደገኛ ነው። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ እስከዚያ ድረስ በቀን ብርሃን የሚታይ ቅላት አያሳይም። ከሰል ላይ ያስቀመጥኩት ቁራጭ መልኩን ሳይለውጥ ቆይቶ፣ ገና ይቀላል ብዬ ስጠብቅ መሃሉ ተቀዶ ሲፈስ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቅላት ጠብቄ አላውቅም።

የሚለሰልሰው ከ350 እስከ 400 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የልብስ ሳሙና ይበቃል። ደረቁን ሳሙና በላሜራው ፊት ላይ በመስመር ያስምሩ፤ እሳቱን ከጀርባው በኩል እያንቀሳቀሱ እኩል ያሙቁት። የሳሙናው መስመር መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆንና ወደ ጥቁር ይጠጋል። ያኔ እሳቱን ማንሳት ነው። ለ1050ም ሆነ ለ3003 በአየርም በውኃም ቢቀዘቅዝ ልስላሴው አይጠፋም።

ተረት 4፦ የክቡ ስፋት ማለት የድስቱ ሥርና ሁለት ጊዜ ከፍታው ነው።

እውነታው፦ ብዙ ብር የሚፈሰው በዚህ ስሌት ነው። የሥሩ ስፋት 30፣ ከፍታው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድስት እንውሰድ። በልማዱ መሠረት 30 ሲደመር 15 ሲደመር 15፣ በአጠቃላይ 60 ሴንቲ ሜትር ክብ ይቆረጣል። ነገር ግን ከክቡ ውጭኛ ጫፍ ያለው ብረት ወደ ላይ ሲታጠፍ ዙሪያው ይጠባል፤ ትርፍ ብረቱም ወደ ከፍታ ይሄዳል። መመሳሰል ያለበት የክቡ ቆዳ ስፋትና የድስቱ ቆዳ ስፋት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሥሩን በራሱ ያባዙ፤ 30 በ30፣ 900። ሥሩን በከፍታውና በ4 ያባዙ፤ 30 በ15 በ4፣ 1800። ድምሩ 2700 ይሆናል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ላሜራ ፋብሪካ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ተዳምጦ ስለሚሠራ የድስቱ ከንፈር እንደ ጆሮ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እሱን ለመከርከም 2 ሴንቲ ሜትር ቢጨመር 54 ይበቃል።

ልዩነቱ ብክነት ብቻ አይደለም። በቶርኖ ከመገፋት ይልቅ በፕሬስ በአንድ ጊዜ የሚሳብ ክብ ከሥሩ ሁለት እጥፍ ሲጠጋ የመቀደድ ዕድሉ ይበዛል። 54 ለ30 ይወጣል፤ 60 ለ30 ግን ጠርዙ ላይ ቆሟል። ክቡን በእጅ መቀስ ቆርጠው ከሆነ ደግሞ የጠርዙን ሻካራ በሞረድ ያለስልሱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከካሬ ላሜራ ክብ ሲወጣ 21 በመቶ ገደማ ጥጉ ላይ እንደሚቀርም አይዘንጉ። ያለቀለትን ክብ ዋጋ ከሙሉ ላሜራ ዋጋ ጋር ሲያነጻጽሩ ይህንን ቁራጭ መቁጠር ያስፈልጋል።

ተረት 5፦ ውፍረቱ የተባለው ነው፤ ማግኔት ካልያዘው ደግሞ ንጹህ ነው።

እውነታው፦ ውፍረትን ሚዛን ይመሰክራል። የክቡን ስፋት በሴንቲ ሜትር በራሱ ያባዙ፤ ውጤቱን በሚሊ ሜትር ውፍረቱ፣ ከዚያም በ0.212 ያባዙ። የሚያገኙት ክብደቱን በግራም ነው። 54 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ 1236 ግራም መመዘን አለበት። ሚዛኑ 930 ግራም አካባቢ ካሳየ የተሸጠልዎ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። በተረት 4 ያየነው 60 ሴንቲ ሜትር ክብ ደግሞ 1526 ግራም ይመዝናል፤ በአሥር ድስት ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ብረት ያለ ጥቅም ይሄዳል ማለት ነው። ያ ለሌላ ሁለት ድስት ይበቃ ነበር።

"ወፍራም ሁልጊዜ ይሻላል" የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ወጥ የሚሠራበት ድስት ወፈር ቢል ሙቀቱን እኩል ያሰራጫል፤ ቶሎም አያሳርርም። በቀን ብዙ ጊዜ የሚነሣው አክንባሎ ግን ቢከብድ ጉዳቱ ለጋጋሪዋ ክንድ ነው።

ማግኔት የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራ ብረት አለመሆኑን። ዚንክንም፣ መዳብንም፣ እርሳስንም ማግኔት አይስባቸውም። ብልጭታውም የመወልወል እንጂ የንጽሕና ምስክር አይደለም።

ተረት 6፦ የአሉሚኒየም ድስት መርዝ ነው።

እውነታው፦ አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ቀጭን መከላከያ ሽፋን ያበጃል። ውኃ ሲፈላበት ውስጡ የሚጠቁረውም ይኸው ሽፋን ሲወፍርና የውኃው ማዕድን ሲይዘው ነው፤ አይጎዳም። ቲማቲምና ሎሚ የበዛበት ምግብ ግን ጥቂት አሉሚኒየም ስለሚያሟሟ በድስቱ ውስጥ ማሳደር አይገባም።

በእርግጥ ሊያስፈራን የሚገባው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ከአሥር አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን ፈትሾ ነበር። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ለሊድ፣ ማለትም ለእርሳስ ብረት፣ የሚያጋልጡ ሆነው ተገኙ። መነሻው የተደባለቀ ውዳቂ ነው፤ የሞተር ክፍል፣ ራዲያተርና የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ በአንድነት ቀልጦ ድስት ሲሆን በውስጡ ያለውን የሚያውቅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሊድ ጉዳት የማያደርስበት መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው። ቁራሌው የሰበሰበው አሉሚኒየም ለሌላ ሥራ ሀብት ነው፤ ሳይመረመር ግን ወደ ማጀት መግባት የለበትም። ቁጥሩ የሚታወቅ ክብ ላሜራ የመምረጥ ትልቁ ምክንያትም ይህ ነው።

ወደ ገበያ ሲወጡ ሜትር፣ ትንሽ ሚዛንና የላሜራ መቀስ ይያዙ። መቶ ክብ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ይግዙ። ይመዝኑት፤ ከዚያው ላሜራ የተረፈ ቁራጭ ያጥፉ፤ ከዚያ ክቡን ድስት አድርገው ውኃ ያፍሉበት። ያ ድስት በመጀመሪያ የራስዎ ቤት ምድጃ ላይ ይጣድ። ለልጆችዎ ወጥ ሊሠሩበት ካልደፈሩ፣ ሰንበቴ ገበያ ይዘውት አይውጡ።