የጉድጓድ ውሃ በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች እንዴት ይዳረሳል

በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ቤተ ሰብ በሚኖርበት ጊዜ፥ ከጉድጓድ ውሃ አውጥቶ ለሁሉም ማዳረስ ለአንድ ቤት ብቻ ከማቅረብ እጅግ የተለየ ሥራ መሆኑን ብዙ ሰው አይገነዘበውም። የግቢው ባለቤት ወደ ገበያ ወርዶ «ጉልበት ያለው ፓምፕ ስጡኝ» ይላል፤ ሻጩም ካለው ሁሉ ትልቁን አውጥቶ ይሰጠዋል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ፓምፑ ተቃጥሎ ይገኛል። ባይቃጠል እንኳ፥ በግቢው መጨረሻ በሚገኘው ሰርቪስ ቤት የሚኖረው ተከራይ ጧት ቧንቧውን ሲከፍት ከውሃ ይልቅ የነፋስ ድምፅ ይሰማል። ይህ ሰው የሚከፍለው ኪራይ ከሌሎቹ ያላነሰ ነው፤ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ራሱንም ለቢሮ የሚያሰናዳው ሌሎቹ በሚሰናዱበት በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ነገሩ የሞተርና የብረት ጉዳይ ቢመስልም፥ የጎረቤት ሰላም ጉዳይም ጭምር ነው።

በአዲስ አበባ በብዙ ሠፈር የከተማው ውሃ በፈረቃ የሚደርስ ስለሆነ፥ በግቢው ጉድጓድ ያለው ሰው በጉድጓዱ ቢጠቀም የሚደነቅ አይደለም። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው፥ ጉድጓዱ በሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ቤቶቹ በአንድ ጊዜ ስንት ሊትር ይፈልጋሉ? የሚል ነው። የፓምፑ መጠን የሚቆረጠው በፊተኛው ጥያቄ ሲሆን፥ ወደ ቤቶቹ የሚሄደው የቧንቧ ውፍረት የሚቆረጠው በኋለኛው ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ የውሃ ማጠራቀሚያ፥ ማለትም በተለምዶ ሮቶ የምንለው፥ ይቆማል። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ የሚሰጠውን ማጠራቀሚያው ይሰበስባል፤ ቤቶቹ በችኮላ የሚጠይቁትንም እርሱ ይመልሳል።

ነገሩ እንዲገለጽልን ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ግቢ 6 ቤቶች፥ በቤቶቹም 24 ሰዎች ይኖራሉ እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ብንመድብ ጠቅላላው 1,920 ሊትር፥ በደፈናው 2,000 ሊትር ይሆናል። ጉድጓዱ በእጅ የተቆፈረ፥ ጥልቀቱ 18 ሜትር፥ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ20 ሴንቲሜትር ነው። እንዲህ ያለው ጉድጓድ በያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 1,130 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል።

የጉድጓዱ ችሎታ የሚመረመረው ክረምት ሳይገባ፥ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ነው። በመስከረም የተለካ ጉድጓድ ሁሉ ለጋስ ነውና አይታመንም። መለኪያውም ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ብቻ ነው። በግንቦት በጉድጓዱ ውስጥ 2 ሜትር ውሃ ቢገኝ፥ ጭቃው እንዳይነሣና ፓምፑም ከውሃ እንዳይወጣ የታችኛውን 1 ሜትር ሳይነኩ የላይኛውን ቀድቶ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓት ይዞ መጠበቅ። በ1 ሰዓት ውስጥ ውሃው 50 ሴንቲሜትር ተመልሶ ከወጣ፥ ጉድጓዱ በሰዓት 565 ሊትር ያህል ይሰጣል ማለት ነው።

እንግዲህ በሰዓት 4,500 ሊትር የሚስብ ትልቅ ፓምፕ በዚህ ጉድጓድ ቢገባ ምን ይሆናል? ሊነካ የሚገባውን ውሃ በ17 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ተቆጣጣሪ ከሌለውም ጭቃ እየሳበ፥ ቀጥሎም በደረቁ እየዞረ ራሱን ያቃጥላል። በሰዓት 1,500 ሊትር የሚስብ ትንሽ ፓምፕ ግን ከ1 ሰዓት በላይ ያለ ችግር ይሠራል። ጧት 40 ደቂቃ፥ ማታ 40 ደቂቃ ቢሠራ ለግቢው የሚያስፈልገው 2,000 ሊትር ተሟላ። ለዚህ ጉድጓድ ትንሹ ፓምፕ ከትልቁ ይበልጣል።

አሁን ስለ ፓምፑ ዓይነት እንነጋገር። ከመሬት በላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ በካርቶኑም ላይ «እስከ 8 ሜትር ይስባል» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህ ቃል ሐሰት ባይሆንም የተነገረው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ በእውነቱ ውሃውን የሚጎትት አይደለም፤ በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ፥ በውጭ ያለው የአየር ክብደት ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህን ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 በባዜቃ አማካይነት አስረድቶታል። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ክብደት ውሃን እስከ 10 ሜትር ከ30 ሊያነሣ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት አየሩ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ወሰኑ ወደ 7 ሜትር ከ70 ይወርዳል። በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ከ5 ሜትር ብዙ አያልፍም። ውሃው ከዚህ በታች ለሆነ ጉድጓድ፥ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ጠላቂ ፓምፕ ያስፈልጋል። የፈረስ ጉልበቱን እጥፍ ማድረግ ለዚህ ችግር ምንም አይረዳም፤ የጎደለው የአየር ክብደት እንጂ የሞተር ኃይል አይደለምና።

የሚገፋበትን ከፍታ ማስላት ቀላል ነው። ውሃው ዝቅ በሚልበት ጊዜ ከመሬት በታች 17 ሜትር ላይ ይሆናል፤ የማጠራቀሚያው አፍ ከመሬት በላይ 6 ሜትር ነው፤ ድምሩ 23 ሜትር። በዚህ ላይ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲተሻሽ የሚባክነው ይጨመራል፤ ሰዎች የሚረሱትም ይህንን ነው። ከፓምፑ እስከ ማጠራቀሚያው ያለው ቧንቧ 44 ሜትር ቢሆንና የ1 ኢንች ቧንቧ ብንዘረጋ ብክነቱ 2 ሜትር የማይሞላ ነው፤ ክርንና መዝጊያው ቢታሰብ እንኳ 3 ሜትር ይበቃዋል። ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ከሆነ በቧንቧው ብቻ 5 ሜትር ያህል ይባክናል። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የግማሽ ኢንች ቢዘረጋ ግን ብክነቱ ከ20 ሜትር ይበልጣል፤ ይኸውም ጉድጓዱን ሌላ ጉድጓድ የሚያህል እንደ ማጥለቅ ነው።

ስለዚህ በ1 ኢንች ቧንቧ 26 ሜትር ከፍታ በሰዓት 1,500 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ይበቃናል። ለዚህ ሥራ የግማሽ ፈረስ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሲገዙ ግን የፈረስ ጉልበቱን ሳይሆን ከፓምፑ ጋር የሚመጣውን ሠንጠረዥ ይጠይቁ፤ በ26 ሜትር ከፍታ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የተጻፈው በዚያ ነው። በሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ሁለቱ ቁጥሮች፥ ማለትም ከፍተኛው ከፍታና ከፍተኛው የውሃ መጠን፥ በአንድ ጊዜ የማይገኙ ናቸው።

ወደ ቤቶቹ ስንመለስ የቧንቧው ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ከማጠራቀሚያው የሚወርደው ውሃ የሚገፋው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። የማጠራቀሚያው ወለል 4 ሜትር ተኩል፥ የመታጠቢያው ራስ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን የተረፈን ኃይል 2 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ጧት በ12 ሰዓት ተኩል 4 ቧንቧዎች ባንድነት ተከፍተው እያንዳንዳቸው በደቂቃ 8 ሊትር ቢያፈስሱ፥ በዋናው መሥመር 32 ሊትር ይሄዳል። መሥመሩ 30 ሜትር ርዝመት ኖሮት ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ቢሆን፥ ያን ያህል ውሃ ለማሳለፍ ከ5 ሜትር በላይ ኃይል ይፈልጋል፤ ያለን ግን 2 ሜትር ተኩል ነው። በዚህ ምክንያት ቅርብ ያሉት ይታጠባሉ፥ የመጨረሻው ቤት ይደርቃል። ተከራዩ ጎረቤቱን «ውሃ ያባክናል» ብሎ ያማዋል፤ ጥፋቱ ግን የቧንቧው ነው። በ1 ኢንች ብክነቱ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በ1 ኢንች ከሩብ ግን ከግማሽ ሜትር ብዙ አያልፍም። እንግዲህ ዋናው መሥመር 1 ኢንች ከሩብ፥ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚገነጠለው ሦስት ሩብ ኢንች፥ ግማሽ ኢንች ደግሞ ለቧንቧው አጠገብ ብቻ ይሁን። በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የውጭው ስፋት መሆኑንም አይርሱ፤ 32 ሚሊሜትር የሚለው ውስጡ 1 ኢንች ቢሆን ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ከዚያም ያንሳል።

የማጠራቀሚያው መቆሚያ በርትቶ ይሠራ። 2,000 ሊትር ውሃ 20 ኩንታል ይመዝናል፤ ከሥሩም ልጆች ይጫወታሉ። ማጠራቀሚያው ሲሞላ፥ ጉድጓዱም ሲጎድል ፓምፑን በራሱ የሚያቆም መቆጣጠሪያ ይግባለት። የጉድጓዱ መሥመር ከከተማው የውሃ መሥመር ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ፤ ለመጠጥ የሚሆነውም ይፈላ። ከሁሉ የሚብሰው ግን፥ ጉድጓድ ለማድረቅ ሲባል የቤንዚን ሞተር ወደ ውስጥ አውርዶ ማስነሣት ነው። ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ ሰው ይገድላል፤ ሊያወጣው የወረደውንም ይጨምራል። ማንም ቢለምንዎ አይፍቀዱ።

ሥራው ሲፈጸም ለቧንቧ ሠራተኛው የቀረውን ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት በሌሎቹ ቤቶች 3 ቧንቧዎችን ያስከፍቱና እርስዎ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይዘው ወደ መጨረሻው ቤት ይሂዱ። ባልዲው በ1 ደቂቃ ተኩል ውስጥ ካልሞላ፥ ቦዩ ሳይደፈን ዋናውን መሥመር ያስመርምሩ።